የዶክተሩ ኻዲም

እንቅልፍ እምቢ ብሎታል። ሌሊት ቢሆን እሺ፣ ሌሊት ዐይኑን አፍጥጦ የሚያድር ሰው ሞልቷል፤ ይኼ ግን በጠራራ ፀሐይ ነው፣ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ሪያድ በሙሉ ሱቁን ቆልፎ መጋረጃውን ጋርዶ ሸለብ በሚያደርግበት ሰዓት። የተማሪዎቹ ማደሪያ ጭጭ ብሏል። ማዶ አልጋ ላይ ያለው የማሊ ልጅ ያንኮራፋል፣ እንዴት የታደለ ነው! ሙሀባው ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። እዚህ ሙከየፍ የሚሉት ማቀዝቀዣ ግድግዳው ላይ ሆኖ ያጉረመርማል፣ ሙሀባው ብርድ ልብስ ደራርቦም ይንዘፈዘፋል፤ ከመስኮቱ ውጭ ግን አስፋልቱ እንደ ጉድ ይፋጃል። ደጁ ቆላ፣ ቤቱ ደጋ፣ መሃላቸው አንዲት መስታወት! ሱብሃነላህ! ወሎ ቢሆን ከዚያ ቆላ እዚህ ደጋ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ ዳገት ሲቧጥጥ መዋል ነበረበት። ይኼንንም ሳያደንቅ አያልፍም፣ በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሃል እንኳ። ምን ዓይነት ሰው ነው? አንገቱ ላይ ገመድ ቢያስገቡለት ስለ ገመዱ አገማመድ የሚደነቅ ፍጡር።

ዐስር ሶላት እንዳለቀ ሙቃበላ አለበት። ሙቃበላ ፊት ለፊት ቀርቦ መጠየቅ ነው፤ የቋንቋ ኮሌጁ አዲስ ገቢ ሁሉ አንድ በአንድ ዶክተር ሙሳዒድ ቢሮ እየገባ ይጠየቃል፣ ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ነጻ ትምህርቱ ተሰርዞ ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ይሸኛል። ይኼ ያስፈራል፣ ማን አያስፈራም አለ? ግን ይኼ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙሀባው ሽልብ ባደረገው ነበር። ያንገበገበው ሌላ ነው። ዶክተር ሙሳዒድ ሙሀባው ተማሪ መሆኑን አያውቁም። ለእሳቸው ቢሯቸውን የሚጠርግ ልጅ ነው። "ያ ወለድ" ነው ስሙ፣ አንተ ልጅ። ይኼንን ያወቀው ደግሞ ዛሬ ረፋድ ላይ ነው፣ እሱም ራሱ ደርሶበት አይደለም፣ ወንድሙ ኢድሪስ በስልክ ነግሮት ነው። እስከዚያ ድረስ ከሙሀባው የበለጠ ደስተኛ ሰው በሪያድ አልነበረም ብትሉ ውሸት አይሆንም።

ኧረ ደስታስ! የመጣ ሰሞን ዐይኑ የሚያርፍበት አጥቶ ነበር። ግቢው ከተማ ነው፣ አውቶቡስ ይሄድበታል። በሩ ሰው ሲቀርበው ራሱ ተከፈተ፤ ሙሀባው ቢስሚላህ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ፣ በሩም ተዘጋ፣ ሙሀባው ቀረበ፣ በሩ ተከፈተ፣ እንዲህ ሲጨዋወቱ ከኋላው ሰልፍ ተሠራ። በየጥጉ ቀዝቃዛ ውኃ አለ፣ ቀጂ የለው፣ ተቆጪ የለው። ከማደሪያው መስኮት ነጂ የሌለው ባቡር በድልድይ ላይ ሲያልፍ ይታያል፤ መጀመሪያ ያየው ዕለት ነጂው ጎንበስ ብሎ ይሆናል ብሎ ለራሱ አስረዳው። ቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ! እዚያስ ጫማውን አውልቆ በብብቱ ይዞ ገባ። ዘበኛው ሳቀበት፣ "መስጂድ አይደለም እኮ ወንድሜ" አለው። አለመሆኑን ሙሀባውም ያውቃል፤ ግን ያን ሁሉ ኪታብ በጫማ እንዴት አድርጎ ይግባበት? አገር ቤት፣ ሸኻቸው ዘንድ፣ ለአንድ ጎጆ ሙሉ ደረሳ አንድ ኪታብ ነበር። ኪታቡ መሃል ላይ ይዘረጋል፣ ተማሪው ዙሪያውን ይኮለኮላል፤ ሙሀባው ከሁሉም ትንሽ ስለሆነ የደረሰው ቦታ ከኪታቡ ራስጌ በኩል ነው፣ ስለዚህ ፊደሉን የለመደው ተዘቅዝቆ ነው። እና እዚህ፣ ለብቻው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለብቻው አንድ ሙሉ መጽሐፍ ገልጦ ሲያይ ጽሑፉ ተንጋደደበት። ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ማንም እንደማያየው አረጋገጠ፣ መጽሐፉን ዘቅዝቆ እንባው እየመጣ አነበበ። ይኼን ሁሉ የሰጠኝ ጌታ ምን ፈልጎብኝ ይሆን ይላል፣ አሁንም አልጋው ላይ ሆኖ ይኼንኑ ይላል።

ትምህርቱ ግን ወዲህ ነው፣ ትምህርቱ አልገባውም። ሙሀባው ዐረብኛ ያውቃል፣ የኪታቡን ዐረብኛ፤ ሸኻቸው ቃል በቃል በአማርኛ እየፈቱ ነው ያስተማሯቸው። ዶክተር ሙሳዒድ ደግሞ ግማሹን በኪታቡ፣ ግማሹን በሰፈራቸው ዐረብኛ፣ በድምፅ ማጉያ፣ እንደ ጎርፍ ነው የሚለቁት። ኪታቡ ይገባዋል፣ ሰውየው አይገቡትም። እጁን አውጥቶ አልገባኝም ይበል? ወይ ጉድ! ደረሳ ሸኹን በቀጥታ አይጠይቅም እኮ፤ ትልቁን ደረሳ ይጠይቃል፣ ትልቁ ደረሳ ካላወቀ እሱ በደህና ቀን፣ ሸኹ ፊታቸው ፈታ ሲል፣ ቀስ አድርጎ ያነሣላቸዋል። እዚህ ትልቅ ደረሳ የለም። ሁሉም አዲስ ነው፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ስም የሚጠራ እንኳ የለም፣ በር ላይ ካርድህን ታስነካለህ፣ ጢው ይላል፣ መጥተሃል ማለት ነው። ሙሀባው ከምሰሶው ጀርባ መጨረሻው ረድፍ ላይ ይቀመጥና ይሰማል፤ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማ ሰው ይሰማል።

ታዲያ ባይገባኝም አደቤን ላሳይ አለ። እንዲህ ባለ ማግስት ሌሊቱን አቧራ ሲያወርደው አድሮ አዳራሹ ቢጫ ለብሶ ነበር። ሙሀባው ከሱብሂ ሶላት ቀጥታ መጣ። መጥረጊያ ይዞ የሚሄድ አንድ የባንግላዴሽ ሰው አገኘና መጥረጊያውን ተቀበለው፤ ሰውየው ግራ ገብቶት "ጀዲድ?" አለው፣ አዲስ ነህ? "አዎ፣ አዲስ ነኝ" አለ ሙሀባው በፈገግታ። ጠረገ፣ ሰሌዳውን ወለወለ፣ የዶክተሩን ጠረጴዛ በገዛ ሻሹ አበሰ፣ ከዚያ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሲመጡ ቦርሳቸውንና የቡና ብርጭቋቸውን ከእጃቸው ተቀበለ፣ ከኋላቸው ሄዶ ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው። "ባረከላሁ ፊክ፣ ያ ወለድ" አሉት። ምርቃት! በመጀመሪያው ቀን! ከትምህርት በኋላ ደግሞ፣ "ነገም ና፣ ቢሮዬንም ታጸዳዋለህ" አሉት፣ ሙሀባው በደስታ መሬቱ ከእግሩ ሥር ሸሸበት። ይኼ ውርደት የሚመስለው ሰው ካለ የወሎን ደረሳ አያውቅም። ሸኽን ማገልገል ኺድማ ነው፣ የሚያገለግለው ኻዲም ይባላል፣ ኻዲም የሚሆነው ደግሞ የፈለገ ሁሉ አይደለም፣ ሸኹ የወደዱት ነው። ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ በቅሎ ይጭንላቸዋል፣ ጫማቸውን ወደ በሩ አዙሮ ያስቀምጥላቸዋል፤ ሌላው ደረሳ ሁሉ በቅናት ያርራል። ሙሀባው አገር ቤት ስንት ዓመት ተመኝቶ ያላገኘውን ሪያድ ላይ በአንድ ጠዋት አገኘው። ወይ እድል!

በዚያው ቀን ለእናቱ በኢሞ ደወለ። "እማ፣ ሸኹ ለኺድማ መረጡኝ።" እናቱ ሳሊሃ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ስልኩን ከጆሮው አራቀ። "ገና ሳትከርም! አይ የኔ ኸይር! አደብ እንዳለህ መች አጣሁት፣ አብሽር ሆዴ፣ አላህ ያግራልህ!" ጎረቤት ተጠራ፣ ጎረቤቱም እልል አለ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ጠየቀችው። "ኢድሪስን አየኸው?" "ኢቃማዬ አልወጣም እማ። የመኖሪያ ወረቀት ሳይዙ ከግቢ መራቅ ጥሩ አይደለም ይላሉ።" "እስቲ እንግዲህ" አለች። ወረቀቱ እውነት ነው ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ፈርቶ ነው። እነ ኢድሪስ ጋ ቢገኝ፣ አብሮ በፖሊስ ቢታፈስ፣ ይኼ አልጋ፣ ይኼ ብርድ፣ ያ ቤተ መጻሕፍት፣ ሁሉም ብን ብሎ ቢጠፋስ? ከገዛ ወንድሙ የሸሸ ሰው ምን ይባላል? የሚባለውን ያውቃል፣ አይለውም።

ኢድሪስ ሺፋ ነው፣ ከተማው ደቡብ ጫፍ። ከመሰሎቹ ጋር በአንድ ክፍል ተፋፍጎ ያድራል፣ ሲገኝ ብሎኬት ይሸከማል፣ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ወረቀት የለውም። እሱም ደረሳ ነበር፣ እዚያው ጎጆ፣ እዚያው ኪታብ ዙሪያ፤ የሱ ቦታ ግን በግርጌ በኩል ነበር፣ ፊደሉ ቀጥ ብሎ የሚታይበት፣ ጎበዞቹ የሚቀመጡበት። ሙሀባው ሦስቴ የሚያስደግመውን ኢድሪስ አንዴ ሰምቶ ይወጣዋል። አባታቸው ሲታመም አንዱ መሄድ ነበረበት። ኢድሪስ ሄደ፣ በእግሩ፣ በጀልባ፣ በየመን፣ ያየውን ሁሉ ለማንም ሳይናገር። ሙሀባው ደግሞ በአውሮፕላን መጣ፣ ትራስ እየተሰጠው፣ ደመናውን ከላይ እያየ። ይኼ አልጋ የማን ነበር? ሲገላበጥ የሚጠይቀው ይኼንን ነው። አሁንም ተገላበጠ።

ኢድሪስ ግን አልተቀየመም፣ ቢቀየም ይሻል ነበር። በየምሽቱ ከሥራ ሲገባ ይደውላል። "ያላ፣ የዛሬውን ንገረኝ።" ሌላ ወሬ የለም፣ የዛሬውን ትምህርት። ሙሀባው ምን ይንገረው? ከምሰሶው ጀርባ ምኑን ያዘና? ስለዚህ የድሮውን ያወራለታል፣ ሸኻቸው ያስተማሯቸውን፣ ዶክተሩ ዛሬ ያሉት አስመስሎ፣ እዚህም እዚያም "ዶክተሩ ሲያብራሩ" የምትል ጣል እያደረገበት። ኢድሪስ ጸጥ ብሎ ይሰማል። አንዳንዴ የሲሚንቶ ሳል ያስለዋል፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ ይስላል፣ "እሺ፣ ቀጥል" ይላል። ሙሀባው ይቀጥላል።

ዛሬ ረፋድ ላይ ግን ባልተለመደ ሰዓት ደወለ። ከኋላው ብረት ሲቆረጥ ይሰማል። "ሙሀባው፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትዋሸኝ። የትናንቱን ሸኻችን ድሮ አስተምረውናል። የከትናንት ወዲያውንም። እዚያ ሄደህ ምንድነው የምትሠራው?"

 ሙሀባው የሚኮራበት ነገር ስለነበረው እሱን አወጣ። "ትምህርቱ ትንሽ ከብዶኛል፣ አልደብቅህም። ግን ኻዲም ሆኛለሁ ወንድምዬ፣ የዶክተሩ ኻዲም! ቢሯቸውን እጠርጋለሁ፣ ቦርሳ እይዝላቸዋለሁ፣ ይመርቁኛል።"

ብረት ቆራጩ ቆመ። 

"ስምህን ጠይቀውህ ያውቃሉ?"

"ስሜን?"

"አዎ፣ ስምህን። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት ነህ ብለውህ ያውቃሉ?"

"ያ ወለድ ይሉኛል። አገር ቤት ሸኻችንም ልጄ ነው የሚሉት እኮ።"

"ሸኻችን ደጃቸው የቆምን ዕለት መጀመሪያ ያሉን ምን ነበር? አስታውስ እስቲ።"

ሙሀባው ያስታውሳል። ሸኹ ከመደባቸው ወርደው መጡ፣ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ፣ ስምህ ማነው አሉት፣ የአባትህስ፣ የአያትህስ፤ ሦስቱንም ስም ደጋግመው ጠርተው ዱዓ አደረጉለት። ውኃ እንኳ ያቀረቡለት ከዚያ በኋላ ነው።

"እኔን የሚያሠራኝ ሰውዬ ስሜን አያውቀውም" አለ ኢድሪስ። "ከመጣሁ ጀምሮ ያ ወለድ ነኝ። ዶክተርህ ክፉ ሰው ናቸው አልልህም፣ ክፉ ላይሆኑ ይችላሉ። ግን የሐበሻ ልጅ፣ በጠዋት፣ መጥረጊያ ይዞ ሲያዩት ምን ይምሰላቸው? እኔን ነው ያዩት ሙሀባው። አንተን አይደለም ያዩት፣ እኔን ነው።"

"ዐስር ላይ ሙቃበላ አለብኝ" አለ ሙሀባው፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ሆነ።

"ሂድና ተማሪ ነኝ በላቸው።"

"ተሳስተዋል ልበላቸው? ሸኼን?"

"ወድቀህ ብትመለስ አልቀየምህም፣ ወሏሂ አልቀየምህም። ሳትነግራቸው ብትመለስ ግን..." የሆነ ሰው ያላ ያላ እያለ ጮኸበት፣ ስልኩ ተዘጋ።

እና ይኸው፣ ከዚያ ጀምሮ ጣሪያውን እያየ ነው። እንዴት ይነግራቸዋል? አታለልከኝ ቢሉስ? ቢያፍሩስ፣ ሸኹን አሳፍሮ ማን ደግ አየ? ዘበኛ ቢጠሩስ፣ ኢቃማ የለው! ዝም ብሎ ቢገባና ቢጠየቅስ፣ ምናልባት ፊቱን ባያስታውሱትስ? አያስታውሱትም ይሆናል፣ መች አይተውት ያውቃሉ! ይኼንን ሲያስብ ደስ ሊለው ሲገባ አመመው፤ እዚህ ከመጣ ጀምሮ ሁሉን ሲያይ ሁሉን ሲያደንቅ ማንም እሱን አላየውም ለካ፣ ራሱ ከሚከፈተው በር በቀር። አዛን ተጀመረ። አንድ መስጂድ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበለዋል፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ከተማው በሙሉ፤ ሙሀባው በዚህስ ሁልጊዜ ልቡ ቀጥ ይላል፣ ዛሬም ቀጥ አለ። ተነሣ። ሸሚዙን አስተካከለ፣ ያችኑ ከአገር ቤት የመጣችውን ባለ መስመር ሸሚዝ፣ ጀለቢያ ገና አላሰፋም። ሰገደ፣ ሄደ።

የዶክተሩ ቢሮ በር ክፍት ነው። ዶክተር ሙሳዒድ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወረቀት ያገላብጣሉ። ሙሀባው አሰላሙ ዐለይኩም አለ፤ ዶክተሩ ቀና ሳይሉ መለሱ።

"ያ ወለድ፣ ደህና ጊዜ መጣህ፣ ቅርጫቱ ሞልቷል። ቶሎ በል ብቻ፣ ተማሪ እየጠበቅኩ ነው።"

እጁ ሳያማክረው ሄደና የቆሻሻውን ቅርጫት አነሣ። እግሩም ታዘዘ። በሩ ጋ ሲደርስ ግን ኮሪደሩን አየ፣ ረጅም ነው፣ ያበራል፣ ጫፉ አይታይም፤ አሁን ይኼን ቅርጫት ይዞ ከወጣ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ገባው። ማንም ሳያባርረው፣ ራሱ። ዞረ።

"ሸኽና፣ የሚጠብቁት ተማሪ ስሙ ማነው?"

ዶክተሩ መሰላቸት እያሳዩ ወረቀቱን አዩ። "ሙሀባው የሚባል። ሐበሻ ነው፣ ምነው፣ ታውቀዋለህ?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን አልክ?"

"ሙሀባው እኔ ነኝ። ጧሊብ ነኝ፣ የእርስዎ ተማሪ።" በኪታቡ ዐረብኛ ነው ያለው፣ ቃሉን ሁሉ ጥርት አድርጎ፣ ቅርጫቱን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ።

ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አዩት፣ ቅርጫቱን አዩ፣ እንደገና እሱን። ካርድህን አሉት፤ ካርዱን አወጣላቸው፣ ፎቶውንና ፊቱን አስተያዩ። ጆሯቸው ጫፍ ቀላ።

"ይኼን ሁሉ ጊዜ? ቢሮዬን ስትጠርግ? ለምን አልነገርከኝም?"

"አልጠየቁኝም" አለ። ካፉ አመለጠው። ያረቢ! ለሸኽ እንዲህ ይመለሳል? መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ቶሎ ቶሎ እያለ ሊያስተካክል ሞከረ፣ በአገራችን ሸኽ ይገለገላል፣ ኺድማ ነው፣ የመረጡኝ መስሎኝ ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር፣ እናቴም እልል ብላለች፤ የእናቱን እልልታ ደግሞ ምን አመጣው አሁን!

ዶክተሩ ተነሡ። ዘርፈጥ ያለ ነጭ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው መጡ፣ ምንም ሳይሉ ቅርጫቱን ከደረቱ ላይ ወሰዱትና ይዘው ወጡ። ሙሀባው ብቻውን ቀረ። ጫማቸው በኮሪደሩ ላይ ሲርቅ ይሰማል፤ ዘበኛ ሊጠሩ ነው፣ አለቀ፣ ኸላስ፤ አይ ኢድሪስ፣ አሁን ለእማ ምን እላታለሁ? በዚህ መሃል ከሩቅ "ዶክተር፣ ይተዉት፣ እኔ ልያዘው!" የሚል ድምፅ ሰማ፣ የዶክተሩንም "ተወኝ" ሰማ። ጫማው ተመለሰ። ቅርጫቱ ባዶ ነው። ቦታው አኖሩት፣ እጃቸውን በወረቀት አበሱ፣ ወደ ትልቁ ወንበራቸው አልሄዱም፤ ከእንግዶቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡና ትይዩ ያለውን አሳዩት። ሸኽ ፊት ለፊት፣ ጉልበት ለጉልበት! ሙሀባው በወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"በል ሙሀባው" አሉ ቀስ ብለው፣ ስሙን እየሰባበሩ። "የማን ልጅ ነህ?"

ነገራቸው። የአባቱን፣ የአያቱን። ሰሙት። ከዚያ፣ "እስካሁን ካስተማርኩት ያልገባህ የቱ ነው?" አሉት።

ሁሉም ገብቶኛል ሊል አፉ ተከፈተ። ለሸኽ የሚባለው እሱ ነው። ሺፋ ላይ ስልኩን ራቅ አድርጎ የሚስለው ሰውዬ ትዝ አለውና ዘጋው።

"ምንም አልገባኝም፣ ሸኽና።"

"ምንም?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሲፈጥኑ አይገባኝም። የሰፈርዎ ዐረብኛ አይገባኝም። ኪታብ ብቻ ነው የማውቀው።"

ዶክተሩ መሬት መሬቱን አዩ። ሙሀባው ጠርጎት የነበረውን መሬት። ከዚያ የሙቃበላውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ ስበው ገልብጠው አስቀመጡት። "ዛሬ አላሳልፍህም፣ አልጥልህምም" አሉ፣ እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያወጡ፣ በኪታቡ ዐረብኛ፣ እንዲገባው። ሁሉም ገባው። "በየቀኑ ከዐስር በኋላ ትመጣለህ። እስኪገባህ ድረስ። ነገ ጠዋት ደግሞ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ተቀመጥ፣ ልይህ።"

ሙሀባው ዐረብኛው ሁሉ ጠፋበት።

"እሺ" አለ በአማርኛ። ዶክተሩም ገባቸው።